መኪናው የት ይደር?
ሰፈሯ ሊቆፈር ለተቃረበ ወጣት የኮሚቴ ጸሐፊ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣

የመንገድ ሥራው ወደ ሰፈራችሁ ሊገባ መሆኑንና ነዋሪው አንቺን የኮሚቴው ጸሐፊ አድርጎ እንደመረጠሽ እናትሽ ነገረችኝ። እኔ በእድር ጸሐፊነትም በሰብሳቢነትም ብዙ ዓመት አገልግያለሁ፤ የቀለበት መንገዱን፣ የባቡሩን፣ የውኃ ቱቦውን፣ አሁን ደግሞ የኮሪደር ልማቱን ቁፋሮ በየተራው አይቻለሁ። ሰው ስለ አቧራውና ስለ ጩኸቱ አብዝቶ ያወራል። አቧራው ግን የሁሉም ስለሆነ ሁሉም ይችለዋል። ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያቃቅረው መኪና የት ይደር የሚለው ጥያቄ ነው።

አመጣጡን ልንገርሽ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ሥራው በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በመገናኛና በቦሌ መስመሮች ሲጀመር፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስና ሌሎችም ሲከተሉ፣ ዋናው መንገድ ዳር መቆም የለመደው መኪና ሁሉ ወደ ውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ገባ። ቁፋሮው ራሱ ወደ ቅያሶቹ ሲዘልቅ ደግሞ የየግቢው መኪና ደጅ ቀረ። ችግሩ ሁለት ጊዜ ይመጣል ማለት ነው፤ መጀመሪያ እንግዳውን ያስገባል፣ ቀጥሎ ባለቤቱን ያስወጣል። ኮሚቴዎች ብዙ ጊዜ የሚነቁት በሁለተኛው ነው።

የምመክርሽ ሁሉ ከአንድ እምነት ይነሣል። መንገድ ላይ ያለ ቦታ ደጁ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ቀድሞ ስለደረሰ ወይም ትልቅ መኪና ስላለው ለማንም አይሰጥም። ቦታ ሲጠፋ ችግሩ የጠናበት ሰው ይቅደም፤ ማን እንደሆነም ሰፈሩ አስቀድሞ፣ ልብ ሳይሻክር፣ ተቀምጦ ይወስን።

፩. ከሁሉ በፊት ቁጠሪ፣ ለኪም።

ሁለት ጎረምሶች አስከትለሽ ሜትር ይዘሽ ውጪ። ቆጠራውን በቀን አታድርጊው፤ በቀን ግማሹ መኪና ሥራ ላይ ስለሚውል መንገዱ ሰፊ ይመስላል። ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ፣ እሑድ ጠዋት አንድ ጊዜ ቁጠሪ። ግቢ የሚያድረውን፣ ደጅ የሚያድረውን፣ ከሌላ ሰፈር እየመጣ የሚያድረውን ለያይተሽ ጻፊ። ጎማው ረግቦ፣ በድንጋይ ተደግፎ ዓመታት ያስቆጠረ መኪናም አይጠፋም፤ እሱን ለብቻው መዝግቢው። ባለቤቱን ማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ ውጭ አገር ከሆነ ዘመዱን ከአሁኑ አፈላልጊ፤ ማሽኑ ደጅ ከደረሰ በኋላ የሚነሣ መኪና ጎረቤትን ከጎረቤት ያቀያይማል።

ቀጥሎ ርዝመቱን ለኪ። ጥግ ይዞ በረድፍ የሚቆም መኪና ለመውጫ ለመግቢያው ጭምር ወደ 6 ሜትር ይፈልጋል። ቪትዝ ከ4 ሜትር ታንሳለች፣ ሚኒባስ ወደ 5 ሜትር ይጠጋል ወይም ያልፋል፤ በ6 ብታሰይው ግን አትሳሳቺም። በር ያልቆራረጠው 60 ሜትር አጥር ሥር ዐሥር መኪና ይቆማል። በሮቹን ስትቀንሺ ቁጥሩ በጣም ያሽቆለቁላል።

ስፋቱ ላይ ስትደርሺ ረጋ በዪ፤ ዋናው ጉዳይ እዚያ ነው። የውስጥ መንገዳችሁ 6 ሜትር ይሰፋል እንበል። በአንድ ወገን መኪና ሲቆም 2 ሜትር ይወስዳል፣ 4 ሜትር ይቀራል፤ እስከዛሬ የኖራችሁት በዚህ ነው። ለሥራው የሚቆፈረው ቦይ ከነአፈሩ 2 ሜትር ተኩል ሲወስድ ደግሞ የሚቀረው 3 ሜትር ተኩል ነው። የእሳት አደጋ መኪና አካሉ ብቻ 2 ሜትር ተኩል ያህል ይሰፋል። ስፖኪዮው አለ፣ ከጎኑ ቱቦ የሚዘረጉ ሰዎች አሉ፣ መታጠፊያ ላይ ኋላው ይጠርጋል። ከ3 ሜትር ተኩል ብትቀንሺበት አይሠራም። ስለዚህ ቦዩ ክፍት በሆነበት በዚያ ክፍል የሚቆም መኪና ቁጥር ዜሮ ነው። አንድም ቪትዝ አይቆምም።

ይህን ስሌት በትልቅ ወረቀት ጻፊና ስብሰባው ላይ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። ሰው የሚጣላው ቦታ ያለ ስለሚመስለው ነው፤ ጎረቤቴ ትንሽ ቢጠጋልኝ እኔም እገባ ነበር ይላል። ልኩን በዓይኑ ሲያይ ግን ከጎረቤቱ ጋር የሚከራከርበት ነገር እንደሌለ ይገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ማደሪያ ማውራት ይቻላል።

፪. ማን እንደሚቀድም ቁፋሮው ሳይጀመር አስወስኚ።

መጀመሪያ ማለፍ ያለባቸውን አስቡ፦ አምቡላንስ፣ የእሳት አደጋ መኪና፣ የአስከሬን መኪና፣ የውኃ ቦቴ፣ የፍሳሽ መምጠጫ። የእሳት አደጋው 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ 907 መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ከተደወለ በኋላ ግን ሾፌሩ «በየት ልግባ?» ሲል የሚመልስለት ይጠፋል፤ ቁፋሮው በተዘዋወረ ቁጥር መግቢያው ይቀየራልና። በየሳምንቱ አንድ ሰው መድቢ፤ የዚያን ሳምንት መግቢያ በየትኛው ቅያስ እንደሆነ የሚያውቅ፣ ሌሊትም ስልኩን የሚያነሣ፣ እስከ አስፋልቱ ወጥቶ መኪናውን የሚመራ። ከዚህ ደብዳቤ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትፈጽሚ ዘንድ ብጠየቅ ይህን እመርጣለሁ።

ከሚቆሙት መካከል ደግሞ መጀመሪያ የታመመና አካል ጉዳተኛ ያለበት ቤት ይቅደም። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የሚመላለስ ሰው፣ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ልጅ ያለባት እናት። ሁለተኛ፣ መኪናው እንጀራው የሆነ፦ የታክሲና የራይድ ሾፌር፣ በፒክአፕ ዕቃ የሚያመላልስ። ሦስተኛ፣ ለአንድ ቤት አንድ የግል መኪና። የቤቱ ሁለተኛ መኪና፣ የእንግዳው፣ የድርጅት መኪና ከዚያ በኋላ ነው። ደሞዝና ማዕረግ በዚህ ዝርዝር ቦታ የላቸውም። ጎረቤታችን ትልቅ ሰው ናቸው ብሎ የሚያፍር አይጠፋም፤ አንቺ አትፈሪ። ትልቅ ሰው ከሆኑ መጀመሪያ መኪናቸውን የሚያነሡት እሳቸው ይሆናሉ፤ ክብራቸውም በዚያ ይታያል።

እኩል ደረጃ ላይ ላሉት ደግሞ ተራ አውጪላቸው። በ2012 በኮሮናው ወራት የቤት መኪኖች ታርጋቸው በጎዶሎና በሙሉ ቁጥር ተከፍሎ በፈረቃ ይወጡ ነበር። ያንን አሠራር ለማደሪያ ብታውዪው ይጠቅማል፦ በዚህ ሳምንት ጎዶሎው ቅርብ ያድራል፣ ሙሉው ሩቅ፤ በሚቀጥለው ይለዋወጣሉ። ታርጋ ዘመድ አያውቅም፣ አንቺንም ከወቀሳ ያድንሻል።

፫. የሥራውን ቀን በጽሑፍ ያዢ፣ ግን ከዚያ ለሚረዝም ጊዜ ተዘጋጂ።

ኮንትራክተሩ በጎ ልብ ቢኖረውም ሲሚንቶ ይጠፋል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ያልታወቀ የውኃ መስመር ይገኛል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡሩ ሥራ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቶ የተመለሰው በ2008 ነው። ለጥቂት ጊዜ የተባለው ዓመታት ወሰደ። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ወይም ከሆቴል ጋር የማደሪያ ውል ስትዋዋሉ ለሁለት ወር ከተነገራችሁ ለአራት ወር ተነጋገሩ፤ ቀድሞ ካለቀ ቦታውን በምስጋና ትመልሳላችሁ።

ከፎርማኑ ጋር በየሳምንቱ መጨረሻ ተገናኚ። የምትጠይቂው ጥያቄ ሁለት ነው፦ በሚመጣው ሳምንት ከየትኛው በር እስከ የትኛው በር ይቆፈራል? የውኃው፣ የመብራቱና የቴሌው መስመር በዚሁ ቁፋሮ አብሮ ይገባል ወይስ ሌላ ቁፋሮ ይከተላል? ሁለተኛውን ጥያቄ ሰው ይረሳዋል፤ ተደፍኖ ተነጥፎ ያለቀ መንገድ እንደገና ሲከፈት ነው የሚታወሰው።

መኪና ይነሣ የሚለው ማስታወቂያም ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት እንዲለጠፍ ለምኚ። ብዙ ዘመዶቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ በመኖሪያ ሰፈር ለሥራ ተብሎ ማቆም ሲከለከል ምልክቱ ከ72 ሰዓት በፊት መለጠፍ አለበት። የኛም ሰው ከዚያ ያነሰ አይገባውም። ለሥራ ክፍለ ሀገር የሄደ ሰው መኪናው በማሽን ተጎትቶ ቢያገኘው ጠቡ ከማሽኑ ባለቤት ጋር ብቻ አይቀርም፤ «እያያችሁ ዝም አላችሁ» ብሎ ሰፈሩን ሁሉ ይቀየማል።

፬. የሌሊት ማደሪያ ፈልጊ።

በከተማችን ሌሊት ባዶ የሚያድር ሰፊ ግቢ ሞልቷል። ትምህርት ቤት አለ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አለ፣ ቀን ብቻ የሚሠራ ጋራዥና መጋዘን አለ። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ግቢ ካለ አስተዳዳሪዎቹን በአክብሮት ጠይቂ፤ በዓልና የጸሎት ቀን ሲሆን ቦታው የምእመናኑ መሆኑን አስቀድመሽ ተናገሪ። ነዳጅ ማደያም ጥቂት መኪና ያሳድራል። ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ተፈቅዶ ዕቃ ማከማቻ የሆነ የሕንፃ ምድር ቤትም በየአቅጣጫው አለ፤ ባለቤቱን በሽማግሌ አነጋግሪው፣ ኪራይ ክፈሉት፣ ዕቃውን ወደ አንድ ጥግ ገፋ ቢያደርግ ለጥቂት መኪና ይበቃል። መስቀል አደባባይ ሥር በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ማቆሚያ ደግሞ ከሺህ በላይ መኪና ይይዛል፤ በዚያ አካባቢ ለሚኖር ሰው ሁለተኛ መኪናውን እዚያ ማሳደር ከጎረቤት ጋር ከመቀያየም ይሻላል።

ውሉ አጭር ይሁን እንጂ በጽሑፍ ይሁን። ከምሽቱ 1 ሰዓት መግባት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል መውጣት፤ ማደሪያው ትምህርት ቤት ከሆነ ልጆች 2 ሰዓት ላይ ክፍል ሲገቡ በግቢው አንድም መኪና መኖር የለበትም። የመኪኖቹ ታርጋ ዝርዝር ከዘበኛው ጋር ይቀመጥ። ዘይት የሚያንጠባጥብ መኪና አይገባም፣ በግቢው መኪና አይታጠብም። ለዘበኛው የተጨመረለት ሥራ ስለሆነ የሚከፈለውን ቆርጣችሁ በደረሰኝ ክፈሉ። አምሽቶ የሚመጣ ሾፌር ካለ ለእሱ በመንገዱ ላይ ያለውን ቦታ ትታችሁ የቀን ሠራተኛው ወደ ግቢው ይሂድ፤ ዘበኛውን በእኩለ ሌሊት እየቀሰቀሱ ውሉ አይዘልቅም።

አንድ ቦታ ግን እንዳትነኪ እለምንሻለሁ፤ የልጆቹን ኳስ ሜዳ። ሰፊና ቅርብ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው፣ ተከራካሪም የለውም። መንገዱ ሲቆፈር ልጆቹ ደጅ የሚጫወቱበትን አጥተዋል፤ ሜዳውንም ከወሰድንባቸው የሚቀራቸው የቦዩ አፋፍ ነው። በዚህ ነገር ላይ የምሰማው ምክንያት የለኝም።

፭. የፓርኪንግ ልጆቹን ሥራ አጥ አታድርጊ።

በማኅበር ተደራጅተው፣ ሰደርያ ለብሰው፣ ደረሰኝ እየቆረጡ መንገድ ዳር መኪና የሚጠብቁት ወጣቶች በቁፋሮው መጀመሪያ የሚጎዱ ናቸው። መንገዱ በቆርቆሮ ሲታጠር ገቢያቸው ያን ቀን ይቆማል፤ ለእነሱ ማንም ስብሰባ አይጠራም። ሰፈሩን ግን ከእነሱ በላይ የሚያውቀው የለም። የትኛው መኪና የማን እንደሆነ፣ ማን ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ የማን ፍሬን እንደላላ፣ ማን ቁልፉን ረስቶ እንደሚሄድ ያውቃሉ። እንግዳ መኪናንም እንደገባ ይለያሉ።

ስለዚህ የማኅበሩን መሪ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ጋብዢው። ሦስት ሥራ ይጠብቃቸዋል። አንደኛ፣ በሩቅ ማደሪያው የሌሊት ጥበቃ። ከቤት የራቀ መኪና ስፖኪዮውና ፍሬቻው ተነቅሎ የሚያድርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሰው መኪናውን ሩቅ ማሳደር የሚፈራውም በዚህ ምክንያት ነው። አስተማማኝ ጠባቂ ካለ ግማሹ ክርክር ያልቃል። ሁለተኛ፣ ጠዋትና ማታ በጠባቡ መተላለፊያ ጫፍና ጫፍ ቆሞ አንዱን አሳልፎ ሌላውን ማስቆም። ሦስተኛ፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎችንና ዕቃ የያዙ እናቶችን ከማደሪያው እስከ ደጃቸው ማድረስ። ክፍያው ከባለመኪኖቹ በየወሩ ተሰብስቦ በማኅበሩ በኩል ይሰጣቸው። በየግል እጅ በእጅ ከተሰጣቸው የሰጠው ሰው መኪና ብቻ ይጠበቃል።

፮. ድንጋይና ጀሪካን።

ድንጋይ፣ ወንበር፣ ውኃ የተሞላ ጀሪካን እያስቀመጡ ቦታ መያዝ በመጀመሪያው ቀን ይከልከል። አንድ ሰው ካስቀመጠ በሳምንቱ ሁሉም ያስቀምጣል፤ ሌሊት ሕመምተኛ የጫነ መኪና ሲመጣ ድንጋዩን የሚያነሣለት አይኖርም።

፯. መኪና የሌለውን ጎረቤት ስብሰባው ውስጥ አስገቢው።

በአዲስ አበባ አብዛኛው ሰው በእግሩ፣ በታክሲና በአውቶቡስ ነው የሚንቀሳቀሰው። ስለ መኪና ማቆሚያ የሚጠራ ስብሰባ ግን ባለመኪኖች ብቻ የሚመጡበት ይሆናል። ውሳኔውም እንዲሁ ይሆናል፦ መኪናውን የእግረኛው መሄጃ ላይ እናውጣው። ያኔ ወይዘሮዋ ከገበያ ዘንቢሏን ይዛ በጭቃው መሐል ትሄዳለች፣ ተማሪው ከሲኖትራክ ጋር መንገድ ይጋራል፣ ዓይነ ስውሩ ጎረቤታችን በትሩ የለመደውን መሬት ያጣል።

እንግዲህ ከባለመኪኖቹ ቁጥር ያላነሱ መኪና የሌላቸው ሰዎች ስብሰባው ላይ ይኑሩ። ከእነሱ የምትሰሚው ነገር ካርታ ላይ የለም፦ በቦዩ ላይ የተጋደመው ሳንቃ ጠባብ መሆኑን፣ መያዣ እንደሌለው፣ ማታ መብራት ስለሌለ ልጆች እንደሚወድቁ። ኮንትራክተሩ ለእያንዳንዱ በር ሰፊና መደገፊያ ያለው መሸጋገሪያ እንዲያደርግ ስትጠይቂ የባለመኪኖቹንም ፊርማ አያይዢ። ባለመኪናው ለእግረኛው ሲፈርም እግረኛውም ለባለመኪናው ይታገሣል። ይህን በሥራ አይቼዋለሁ።

፰. ለድንኳኑ ቦታ ይተው።

ሞት ቁፋሮ አልቆ እስኪጠረግ አይጠብቅም። ለፋፊው ጥሩንባውን ነፍቶ ሳይጨርስ የእድሩ ሰው ቋሚና ሸራ ይዞ ይመጣል፤ ድንኳኑ የሚተከለው ደግሞ እንደ ልማዳችን በሟች ቤት ደጅ፣ መንገዱ ላይ ነው። ደጁ ቦይ ከሆነ የት ይተከል? ይህን ጥያቄ ሬሳው ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ቤተሰቡ እያለቀሰ መመለስ ጭካኔ ነው።

ስለዚህ ከእድሩ ዳኛ ጋር አስቀድመሽ ተቀመጪ። በየቅያሱ አንድ የድንኳን ቦታ ይመረጥ፤ የአንዱ ሰፊ ግቢ፣ የእድሩ አዳራሽ፣ ወይም ያልተቆፈረው የመንገዱ ጫፍ። በዚያ ቦታ የቆሙ መኪኖች ካሉ መርዶው በተሰማ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲነሡ፣ ሐዘንተኛው ሦስት ቀን እስኪቀመጥ ድረስም እንዳይመለሱ የመኪኖቹን ባለቤቶች አሁኑኑ አስፈርሚ። አስከሬኑ እስከ መኪናው በሰው ትከሻ የሚሄድበትን መስመር ተራምዳችሁ እዩት፤ ስድስት ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ ጎን ለጎን የሚያልፍበት ስፋት ይኑረው። ለቅሶ ለመድረስ ከሩቅ የሚመጡ ዘመዶች መኪናቸውን የት እንደሚያቆሙም አንድ ልጅ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ያመልክት። ሐዘንተኛው ቤት ማንም ስለ መኪና እንዳያነሣ።

ሠርግ ቀጠሮ ስላለው ይቀላል። በጥርና በሚያዝያ ልጅ የሚድሩ ቤቶችን ቀድመሽ ጠይቂና ቀኑን ለፎርማኑ አሳውቂ። አጀቡ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ሙሽሮቹ እየተዘፈነላቸው በእግር ቢገቡ ሠርጉ ይደምቃል እንጂ አይጎድልበትም።

፱. የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸውን ለይተሽ አስቢላቸው።

ይህ በኛ ዘመን ያልነበረ ጭንቀት ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ በየግቢው በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪናዎች በዝተዋል። ነዳጅ የሚቀዳ መኪና ግቢው ባይገባም ማደያ ሄዶ ይመለሳል። የኤሌክትሪኩ ግን ከቤቱ ቆጣሪ ከራቀ ምግቡ ተቋረጠ ማለት ነው።

ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ ከሳሎን ማከፋፈያ በማከፋፈያ ቀጥሎ ገመዱን በቦዩ ላይ አሳልፎ መንገድ ላይ ያቆመውን መኪና ይሞላል። ቦዩ ውኃ ይቋጥራል፣ ውስጡ የቀን ሠራተኞች በባዶ እጃቸው ይቆፍራሉ፣ ልጆች በላዩ ይዘላሉ። ይህን በፍጹም እንዳትፈቅዱ። ይልቅ ቦዩ ያልደረሰበት ወገን ካለ ጎረቤት ጋር አስማሚያቸው። በሳምንት አንድና ሁለት ሌሊት ግቢውን ቢለቅለትና የፈጀው ኃይል በቆጣሪው ንባብ ተሰልቶ ቢከፈል ማንም አይጎዳም። የሌሊት ማደሪያ ስትመርጪም የኤሌክትሪክ መስመሩ መሙላት የሚችል መሆኑን በባለሙያ አስመርምሪ።

፲. ከቦዩ አፋፍ መኪና አርቂ።

በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም። ቦሌና ሲኤምሲ አካባቢ እንደምናውቀው ጥቁር አፈር ሲደርቅ ድንጋይ ይመስላል፣ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይናዳል። ማታ ጠንካራ መሬት ላይ የቆመ መኪና ጠዋት ጎማው ቦይ ውስጥ ይገኛል። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ ከቦዩ ሥር ሰው እየሠራ አፈሩ ከመኪናው ክብደት የተነሣ ሲደረመስበት ነው። ቦዩ 2 ሜትር ከጠለቀ መኪናው ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፤ ከባድ መኪና ከዚያም በላይ። በጎረምሶቹ እጅ በኖራ መስመር አስምሪ፣ ዝናብ ባጠበው ቁጥር ይታደስ።

፲፩. ባለሱቆቹ ዕቃ የሚያራግፉበት ሰዓት ይታወቅ። ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል አይሱዙው ይግባ፣ ያራግፍ፣ ይውጣ። ዳቦ ቤቱና የከሰል ነጋዴዋም እንዲሁ። መሐል ቀን ላይ የሚራገፍ ዕቃ መንገዱን ሁሉ ይዘጋል።

፲፪. ባለመኪናው ሁሉ ስልክ ቁጥሩን በፊት መስታወቱ ሥር ይተው።

የቴሌግራም ግሩፕ መክፈትሽ ጥሩ ነው፤ የሳምንቱን የቁፋሮ ካርታ እዚያ ላኪ። ያንኑ ወረቀት አትመሽ በሱቁ በር፣ በእድሩ ሰሌዳና በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ መግቢያም ለጥፊ፤ እንደኔ ያለው ሰው ቴሌግራም አይከፍትም።

አንድ ሰው ሌላውን ዘግቶ ቢያድር በመጀመሪያ ይደወልለት። ካላነሣ የቤቱ በር ይንኳኳ። ጎማ ማስተንፈስ፣ ቀለም መፋቅ፣ ስፖኪዮ ማጠፍ የሚባል ነገር እንዳይኖር በስብሰባው ቃል ግቡ። ነገሩ ከተደጋገመ ወደ እድሩ ሽማግሌዎች ይምጣ። ሁለቱም ነገ በአንድ ድንኳን ተቀምጠው ንፍሮ የሚቀማመሱ ሰዎች ናቸውና ትራፊክ ፖሊስ ከመጠራቱ በፊት ሽማግሌ ይስማቸው። ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ የተተወውን መስመር የዘጋ መኪና ካለ ግን ሽማግሌ አትጠብቂ፤ ባለቤቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልመጣ ለፖሊስ ደውዪ። በዚህ ላይ ዝምድና አይታይም።

፲፫. ኮንትራክተሩ ማሽኑን ጭኖ ሳይሄድ የየቤቱን በር ፈትሺ።

ሰው አስፋልቱ ወይም ጌጠኛው ድንጋይ ሲነጠፍ ደስ ይለውና ሁሉም አለቀ ይላል። አንቺ በዚያ ቀን ሜትርሽን እንደገና አውጪ። አዲሱ መንገድ ከቀድሞው ከፍ ብሎ የሚነጠፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያኔ የግቢው በር ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። መኪናው ሲገባ ሆዱ ይፋቃል ወይም ጨርሶ አይገባም፤ በክረምት ደግሞ የመንገዱ ውኃ ወደ ሳሎን ይወርዳል። መንገዱ ዝቅ ብሎ ከሆነም በሩ ላይ እርከን ይፈጠራል። ወራት ደጅ ያደረው መኪና ሥራው አልቆም ደጅ ይቀራል፤ ጊዜያዊ የነበረው ችግር ለዚያ ቤት ዘላቂ ይሆናል፣ የመንገዱም ጥበት እንዲሁ።

በር በበር እየዞርሽ ከፍታውን ለኪ፣ ፎቶ አንሺ፣ ባለቤቱን አስፈርሚ። መወጣጫ የሚያስፈልገው፣ የውኃ መውረጃ ፍርግርግ የሚያስፈልገው፣ የእግረኛው መሄጃ ጠርዝ መቆረጥ ያለበት ተብሎ በዝርዝር ይጻፍ። ሦስት ቅጂ አድርጊው፤ አንዱን ለፎርማኑ፣ አንዱን ለአማካሪው መሐንዲስ፣ አንዱን በወረዳው ማኅተም አስመትተሽ አንቺ ጋ። ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት ያልተስተካከለ በር ካለ በርክክቡ ሰነድ ላይ እንዲጻፍ ጠይቂ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ አቤቱታን የሚሰማ ማሽንም ሠራተኛም በሰፈሩ የለም።

በዚያው ሳምንት የማደሪያውን ግቢ ጠርጋችሁ፣ የፈሰሰ ዘይት ካለ አጥባችሁ፣ የተሰበረ ነገር ካለ ተክታችሁ ቁልፉን አስረክቡ። የጥበቃው ገንዘብ ሒሳብ ከነደረሰኙ ለጠቅላላ ጉባኤው ይነበብ፤ የተረፈ ካለ ለማን እንደሚውል ጉባኤው ይወስን። የማደሪያው ዝርዝርና የድንኳኑ ቦታ ስምምነት በእድሩ መዝገብ ይቀመጥ፤ ከእናንተ ጀርባ ያለው ሰፈርም ቁፋሮው ሊገባበት መሆኑን ሰምቻለሁና ጸሐፊያቸው ሲመጣ ቅጂውን ስጪው።